አባዬ ሌላዋን ኤልዳና እንዳያገኝ!

ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ! በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ድንጋጤ አለ። ኤልዳና ክው ባለች ቁጥር እናንተም ደረታችሁን ይዛችሁ «ክው!» በሉ።

ኤልዳና አምስት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ፣ ከእናቷ፣ ከአባቷና ከአያቷ ጋር ነው።

ኤልዳና ሥዕል መሳል በጣም ትወዳለች። ወረቀት ላይ ትስላለች፤ ካርቶን ላይ ትስላለች፤ አንድ ቀንማ የአያቷ ባርኔጣ ላይ ስላ ጉድ አፍልታለች።

አባቷ ይርዳው ዶዘር ይነዳል። ዶዘር ድንጋይና አፈር እየገፋ መንገድ የሚከፍት ትልቅ መኪና ነው፤ ሲሄድ «ድርርር! ድርርር!» ይላል።

እሑድ ጠዋት አባቷ ሻንጣውን አነሣ። «ሩቅ ቦታ መንገድ ልንሠራ ነው። ብዙ ቀን እቆያለሁ» አላት።

ኤልዳና ክው አለች። ክው!

«ሥዕሌንስ ማን ያይልኛል?» አለች።

«እኔው ነኛ!» አለ አባቷ። «እናትሽ ኢንተርኔት ላይ ታስቀምጥልሽ። ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ፣ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥቼ በስልኬ አየዋለሁ።»

«ኤልዳና ብለህ ፈልገኝ፣ እሺ?»

«ኤልዳና ብዬ እፈልግሻለሁ» አለ አባቷ። ግንባሯን ስሞ ሄደ።

ሰኞ ከሰዓት እናቷ ኮምፒውተሩን ከፈተች። የኤልዳና እናት ሐረገወይን ኮምፒውተር አሳምራ ታውቃለች።

«ኢንተርኔት ማለት» አለች እናቷ፣ «የዓለም ስልኮችና ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚገናኙበት ትልቅ ሰፈር ነው። ለሥዕልሽ እዚያ ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት እንሠራለን።»

«በር አለው?» አለች ኤልዳና።

«አለው። የቤት ቁጥርም አለው» አለች እናቷና ቁጥሩን አነበበችላት። «ሁለት መቶ ሦስት፣ ዜሮ፣ አንድ መቶ ዐሥራ ሦስት፣ ሰባት።»

ኤልዳና ክው አለች። ክው!

«ይህን ሁሉ አባዬ እንዴት ያስታውሰዋል? የቁልፉን ቦታ እንኳ ይረሳል!»

እናቷ ሳቀች። «ለዚህ እኮ ነው ለቤቱ ስም የምናወጣለት። አባትሽ ስሙን ብቻ ይጽፋል፤ ቁጥሩን ስልኩ ራሱ ጠይቆ ያገኘዋል። ታዲያ የቤቱ ስም ማን ይባል?»

ይህ ደግሞ ጥያቄ ነው? «ኤልዳና!» አለች ኤልዳና።

እናቷ ጻፈች። ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ!

አንድ ቤት ብቅ አለ። ቤቱ ውስጥ ቀይ ኮፍያ ያደረገች ልጅ ቆማ ትስቃለች።

ግድግዳው ሁሉ የድመት ሥዕል ነው። ወፍራም ድመት፣ ቀጭን ድመት፣ ጃንጥላ የያዘ ድመት። ከላይ «የኤልዳና ሥዕሎች» ይላል።

ኤልዳና ክው አለች። ክው! ክው!

«ይህቺ እኔ አይደለሁም!» ብላ ጮኸች።

«አይደለሽም» አለች እናቷ። «ሌላ ኤልዳና ናት። ስሙን ቀድማሽ ይዛዋለች።»

«ስሜ እኮ ነው!»

«የእሷም ስሟ ነው። ግን ኢንተርኔት ላይ አንድ ስም ለሁለት ቤት አይሰጥም። ከተሰጠማ የአባትሽ ስልክ የትኛው ቤት ይሂድ?»

ኤልዳና አሰበች። «እንግዲያው ዶሮ ይባል!»

ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ! አንድ አውራ ዶሮ ብቅ ብሎ «ኩኩሉ!» አለባቸው። «ተይዟል!» አለች እናቷ።

«ፀሐይ ይባል!» ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ! «ተይዟል!»

«አንበሳ ይባል!» ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ! «ተይዟል!»

«ቀስተ ደመና ይባል!» ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ! አሁን እናንተ በሉ፤ ምን ሆነ? «ተይዟል!»

ኤልዳና ክው አለች። ክው! «ሰው ሁሉ ስማችንን ወስዶ ጨረሰብን እኮ!»

«ለዛሬ ይብቃን» አለች እናቷ። «ነገ እናስብበታለን።»

ኤልዳና አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። አንድ ክፉ ሐሳብ መጣባት።

አባዬ ማክሰኞ «ኤልዳና» ብሎ ይፈልጋል። በሩን ያንኳኳል። ኳ! ኳ! የምትከፍትለት ግን ባለ ቀይ ኮፍያዋ ናት።

ድመቶቿን ያያል። «ጎበዝ ልጄ!» ይላታል። ከዚያ እሷን ልጁ ያደርጋታል!

ኤልዳና ክው አለች። ክው! ክው! ክው!

«እማዬ! ለአባዬ አሁኑኑ እንደውልለት!» ብላ ሮጠች።

እናቷ ደወለች። ስልኩ ግን አልጠራም፤ አባዬ ኔትወርክ የሌለበት ሸለቆ ውስጥ ዶዘሩን እየነዳ ነው።

ኤልዳና ያን ቀን ራቷን ነካ ነካ አድርጋ ተወችው።

ማክሰኞ ሆነ። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ አያቷ አባባ ጓንጉል በሩ ላይ ይጠብቋት ነበር።

ዘበኛው ጋሽ ደርብ በድምፅ ማጉያ ስም ይጠራሉ። ስሙ ያልተጠራ ልጅ ከበሩ አይወጣም።

«ኤልዳና!» አሉ ጋሽ ደርብ።

ሦስት ኤልዳናዎች እኩል ሮጡ። ጓ! ግንባራቸው ተጋጨ።

አባባ ጓንጉል በሳቅ ፈረሱ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለሦስታችሁም ያወጣው አንዱ መልአክ ሳይሆን አይቀርም!»

ጋሽ ደርብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኤልዳና ይርዳው!»

አንዷ ኤልዳና ግንባሯን እያሸች ተመለሰች። ሁለቱ ግን እዚያው ቆመው ቀሩ። ሁለተኛዋ ትናንት የገባች አዲስ ተማሪ ናት።

ኤልዳና ክው አለች። ክው! ክው! ሌላ ኤልዳና ሳያንስ ሌላ ይርዳውም አለ!

«ኤልዳና ይርዳው ጓንጉል!» አሉ ጋሽ ደርብ።

አዲሷም ተማሪ ተመለሰች። በሩ ላይ አንዲት ልጅ ብቻ ቀረች። እሷም የኛዋ ኤልዳና ናት።

ኤልዳና ወደ ላይ ዘለለች። «አባባ፣ ቶሎ ይበሉ! ለእማዬ የምነግራት ነገር አለኝ!»

አያቷን እየጎተተች ቤት ደረሰች። አባባ ጓንጉል ትንፋሽ አጥሯቸው በሩን ተደገፉ።

«እማዬ! እማዬ! ኤልዳና ብቻ አይደለም! ኤልዳና ይርዳው ጓንጉል ነው!»

እናቷ ግንባሯን በመዳፏ መታች። ጧ! «ምን ነክቶኝ ነው? የኢንተርኔት ስም እኮ ልክ እንደኛ ስም ነው! መጀመሪያ የራስ ስም፣ ቀጥሎ የአባት፣ ቀጥሎ የአያት። መጨረሻው ላይ አገሩ ይጨመራል።»

«እስቲ የአያትሽን ስም እንይ።» ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ!

ሦስቱም ትንፋሻቸውን ያዙ።

«አልተያዘም!»

አሁን ክው ያሉት አባባ ጓንጉል ናቸው። ክው! «የኔ ስም? ኢንተርኔት ውስጥ? ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም፣ አባባ» አለች እናቷ። «እርስዎ ትልቁ ግቢ ነዎት። በግቢዎ ውስጥ የይርዳው ቤት አለ። በይርዳው ቤት ውስጥ ደግሞ የኤልዳና ክፍል አለ።»

«የኛ ግቢ ውስጥ ሌላ ኤልዳና አለች?» አለች ኤልዳና ፈራ ተባ እያለች።

«አንዲትም የለች። ስሙን በየዓመቱ ማደስ እንዳንረሳ ብቻ! ከረሳን ሌላ ሰው ይወስደዋል።»

«እኔ እያለሁ ማን አባቱ ነው ስሜን የሚወስደው!» አሉ አባባ ጓንጉል። እንግዳ የሚመጣባቸው ይመስል ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

እናቷ ስሞቹን ጻፈች። በየመካከላቸው አንድ አንድ ነጥብ አደረገች።

ኤልዳና ነጥብ ይርዳው ነጥብ ጓንጉል ነጥብ ኢትዮጵያ። እናንተም በሉት፦ ኤልዳና ነጥብ ይርዳው ነጥብ ጓንጉል ነጥብ ኢትዮጵያ!

ኤልዳና ወረቀትና ቀለም አመጣች። ምላሷን ወጣ አድርጋ አዲስ ሥዕል ሳለች። እናቷ ፎቶ አንሥታ አዲሱ ቤት ውስጥ ሰቀለችላት።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ጢርርር! ጢርርር!

አባዬ ነው! ኮረብታው ላይ ወጥቷል፤ ነፋሱ «ሹውው! ሹውው!» ሲል ይሰማል።

«ኤልዳናዬ!» አለ አባቷ። «ሥዕልሽን አየሁት እኮ! ድመቶቹ እንዴት ያምራሉ! ያ ባለ ጃንጥላውማ! ጎበዝ ልጄ!»

ኤልዳና ክው አለች። ክው! ክው! ክው! ክው! ስልኩ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ያ የፈራችው ነገር ደረሰ።

ዐይኗ እንባ ሞላ። «አባዬ፣ እኔ ድመት አልሳልኩም» አለች። «ያቺ ሌላ ኤልዳና ናት። የሌላ ሰው ልጅ ናት!»

አሁን ደግሞ አባቷ ክው አለ። ክው! «ጎበዝ፣ ጎበዝ ስል የቆየሁት የሌላ ሰው ልጅ ነው እንዴ? ታዲያ አንቺ የት ነሽ?»

ኤልዳና አፍንጫዋን ጠረገች። ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እኔ ያለሁት ኤልዳና ነጥብ ይርዳው ነጥብ ጓንጉል ነጥብ ኢትዮጵያ ጋ ነው!»

አባቷ ጻፈ። «እየፈለገ ነው» አለ።

«አሁን ስልኩ ስም ጠባቂዎቹን እየጠየቀ ነው» አለች እናቷ ለኤልዳና በሹክሹክታ። «ስም ጠባቂዎቹም ኮምፒውተሮች ናቸው። የማን ቤት የት እንዳለ እነሱ ያውቃሉ።»

ስልኩ የሚጠይቀው ከመጨረሻው ስም ጀምሮ ነው። ኮምቦልቻ የመጣ እንግዳም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ትልቁ ግቢ ነው።

ኳ! ኳ! «ኢትዮጵያ ወዴት ናት?» «በዚህ ግባ!»

ኳ! ኳ! «የጓንጉል ግቢስ?» «በዚያ በኩል!»

ኳ! ኳ! «የይርዳው ቤትስ?» «ወደ ውስጥ ዝለቅ!»

ኳ! ኳ! «የኤልዳና ክፍልስ?» «እነሆ ቁጥሩ!»

ሌላ ጊዜ ይህ ሁሉ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትገልጡ ያልቃል። ኮረብታው ላይ ግን ኔትወርኩ ደካማ ነውና ቆየ። ኤልዳና የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ጠበቀች።

ከዚያ የአባቷ ድምፅ ጠፋ። ነፋሱ ብቻ «ሹውው!» ይላል።

«አባዬ? አለህ?»

«አለሁ» አለ አባቷ ቀስ ብሎ። «ክው ብዬ ነው።»

«ምን አየህ?»

«ሦስት ሰዎች አያለሁ። ባርኔጣ ያደረገው አባቴ ነው። ፂሙ አረንጓዴ የሆነው እኔ ነኝ። ትንሿ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

«አዎ! አዎ!» አለች ኤልዳና።

«በመካከላችን ያሉት ክብ ክብ ነገሮች ግን ምንድን ናቸው? ብርቱካን ናቸው?»

«ነጥብ ናቸው እንጂ!» አለች ኤልዳና። «አንዱ ነጥብ የአንተና የአባባ እጅ ነው፤ ተያይዛችኋል። ሌላው ነጥብ የእኔና የአንተ እጅ ነው። ሌላዋ ጋ እንዳትሄድብኝ አጥብቄ ይዤሃለሁ።»

አባባ ጓንጉል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አገኘሁሽ፣ ልጄ» አለ አባቷ። «አሁን ገና አገኘሁሽ።»

ኤልዳና በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ራቷን አንድም ሳታስቀር በላች፤ እናቷም ጫማዋን አውልቃላት አልጋዋ ላይ አስተኛቻት።

የእናንተስ ሙሉ ስም ማን ነው? ነጥቦቹን ሳትዘሉ አንድ ጊዜ ንገሩኝና እንተኛ።