የቀማሽ እርሾ

ቀማሽ ጠዋት ጠዋት ያገሳል። ስንቅነሽ የላቦራቶሪውን በር ስትከፍት መጀመሪያ የሚቀበላት ያ ግሳት ነው፤ እሷም ጋዋኗን እየለበሰች «ጠገብክ? እንኳን ጠገብክ» ትለዋለች። መልስ አትጠብቅም። ቀማሽ ሆድ እንጂ አፍ የለውም።

ቀማሽ የላም ጨጓራ ነው። ላሚቱ ከሞተች አርባ ዓመት አልፏታል፤ ጨጓራዋ ግን በመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ ለብ ባለ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ በቀጭን ቱቦ እየተመገበ ይኖራል። የተከተፈ የበቆሎ አገዳና ቅጠል ሲጨመርለት ሁለት ቀን ያብላላዋል፤ የሚያወጣው ጋዝ ይለካና ለዚያ ዝርያ ከመቶ ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡ ከፍ ካለ በቆሎው ለላም ይስማማል፣ ዝቅ ካለ አይስማማም። የሚያብላላው ግን ሥጋው ራሱ ሳይሆን በውስጡ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። እነሱን የያዘውን ፈሳሽ የሙያው ሰዎች እርሾ ይሉታል። እንደ ሊጥ እርሾ ከአሮጌው ተቀንሶ ለአዲሱ ይቀመጣል፤ እንክብካቤ ካላገኘም ይሞታል።

ዐሥረኛው ጥላ ሰባት ሺህ ሰው የሚኖርበት ከተማ ነው። ጥላ የሚሉት ከተማው ላይ እንደ ክዳን የተደፋውን የመስታወት ጣሪያ ነው። ከመስታወቱ ውጭ ያለውን አየር አንዴ የሳበ ሰው ሲስል ይኖራል፤ ብዙም አይኖርም። ስለዚህ ከተማው ሳንባ አለው፤ አየሩን እያጣሩ የሚነፉ አርባ ትልልቅ ማራገቢያዎች ናቸው። ሳንባውን የሚያንቀሳቅሰው ባዮጋዝ ነው፤ ባዮጋዙ የሚወጣው ከማብላያው፣ ማለትም የተከተፈ በቆሎ ከሚበሰብስበት ትልቅ ጉድጓድ ነው። ያው በቆሎ ታምቆ ሲኮመጥጥ ደግሞ ለላሞቹ መኖ ይሆናል። ከላሞቹ ወተት ይገኛል፣ ወተቱን ሕፃናቱ ይጠጡታል። ሁሉም በአንድ አገዳ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አንድ አገዳ የተባለውም እንዲያው ለወግ አይደለም። ሳንባው ሲነፋ የበቆሎውን ብናኝ ከዳር እስከ ዳር ስለሚያዳርሰው፣ ሁለት ዝርያ በአንድ ዓመት ቢዘራ ተደባልቆ ዘሩ ይበላሻል። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ዝርያ ብቻ ይመረጣል፤ ሌላው በመጋዘን ይቀመጣል። መራጯ ስንቅነሽ ናት። ላለፉት ዐሥራ አንድ ዓመታት ቀማሽ አንደኛ ያወጣው ሰንደቅ የሚባለውን ነበር፤ ቁመቱ አራት ሜትር፣ አገዳው እንደ ሸንበቆ የጠነከረ ዝርያ። ማብላያው ሰንደቅን ይወደዋል። ቀማሽም ይወደዋል። ላሞቹ ግን እያለቁ ነው።

ከስልሳ ሁለቱ የቀሩት ዐሥራ ስድስት ናቸው። ሕጉ ከዐሥራ አምስት ሲያንሱ በረቱ ይዘጋ፣ ላሞቹ ይታረዱ፣ ቦታው ለማብላያው ይሰጥ ይላል። ከሌላ ጥላ ላም እንዳይለመን፣ መጨረሻ የቀረው ዘጠነኛው ጥላ ለጥሪ መልስ መስጠት ካቆመ አራት ዓመቱ ነው። የስንቅነሽ እናት አላቢ ነበረች፤ ስንቅነሽም ዳዴ ብላ ያደገችው በዚያ በረት ውስጥ ነው። ባልም ልጅም የላትም። በዓለም ላይ «የኔ» የምትላቸው እነዚያ ዐሥራ ስድስቱ ነበሩ፤ እነሱም ቢሆኑ የከተማው ናቸው።

የዘር ቀን ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የላሞቹ ጠባቂ ዱካሞ ወንፊት ተሸክሞ ገባ።

«ዳለቻ መነሣት አቃታት» አለ።

«መብላት አቆመች እንዴ?»

«በላች እንጂ! ሆዷ ከበሮ አክሏል። ስንቄ፣ ላሞቼ እኮ ጠግበው ነው የሚሞቱት። ሐኪሞቹ አየሩ ነው፣ አየሩ ነው ይሉኛል። አየሩን እኔም እስበዋለሁ።»

ወንፊቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የዳለቻን እበት በውሃ አጥቦ የተረፈውን ነው ያመጣው። የአገዳው ስብርባሪ ጠርዙ እንኳ ሳይላላ፣ ከመክተፊያው እንደ ወጣ ተከምሯል።

«እንደ ገባ ወጣ» አለ ዱካሞ። «በልታው አይደለም፤ ተሸክማው ነው የሰነበተችው። ያ ገንዳ ውስጥ የተኛው ወንድምሽ ለዚህ ስንት ሰጠው?»

«ዘጠና አንድ።»

«እንግዲያው እሱ ይብላው!»

ስንቅነሽ ሳቋ መጣና መንገድ ላይ ቀረ። ሁለት ሆዶች አንድ መኖ በልተው አንዱ ጠገበ፣ አንዱ ሊሞት ነው። ላሟ ልትዋሽ አትችልም፤ ለማን ብላ ትዋሻለች?

በሕይወት ካለች ላም ጨጓራ ፈሳሽ መቅዳት ከተተወ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። «ላሞቹ ደክመዋል፣ አትነካኳቸው» የሚለው ትእዛዝ የመጣው ከስንቅነሽ በፊት ቀማሽን ይጠብቁ ከነበሩት ከጋሽ ድልነሳው ነው፤ ሥራውን ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ግን ትእዛዙ ተጣሰ። ዱካሞ የዳለቻን ራስ ደረቱ ላይ ደግፎ በእናቱ ቋንቋ እያባበላት፣ ስንቅነሽ ቱቦውን በላሟ አፍ አስገብታ ሁለት ጠርሙስ ሞላች። በአንደኛው ሰንደቅን ጨመረች። በሁለተኛው ከናሙና መሳቢያ ያገኘችውን የደረቀ የጉርሻ አገዳ ከተተች። ጉርሻ አጭር፣ ቅጠላም፣ አገዳው በጥፍር የሚጫር ዝርያ ነው፤ ከሰንደቅ በፊት ይዘራ የነበረው እሱ ነው። ለቀማሽም ሁለቱንም በየተራ አቀረበችለት።

ውጤቱ ሲወጣ ቀማሽ ለሰንደቅ ዘጠና አንድ፣ ለጉርሻ ሃምሳ ሁለት ሰጠ። የዳለቻ ጠርሙስ ለሰንደቅ ሠላሳ ስምንት፣ ለጉርሻ ሰማንያ አራት ሰጠ።

ስንቅነሽ የዳለቻን ጠርሙስ ከፍታ አሸተተች። ሣር ሣር፣ ኮምጠጥ ያለ፣ የበረት ጠዋት የመሰለ ሽታ ነው። ከዚያ የቀማሽን ክዳን አነሣችና ጎንበስ አለች። የገማ እንቁላል ሽታ አፍንጫዋን መታት። ይህን ሽታ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ የማብላያው ጉድጓድ ሽታ ነው። ይበልጥ ያስደነገጣት ግን ሽታው አዲስ አለመሆኑ ነበር።

ጋሽ ድልነሳው በሰሜኑ መስታወት ሥር ባለች አንድ ክፍል ይኖራሉ፤ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሁለቱን ውጤቶች አንብባላቸው ስትጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«ሞተብኝ» አሉ በመጨረሻ። «ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ኃይል የተቋረጠ ጊዜ ገንዳው ቀዝቅዞ አደረ። ጠዋት ስመጣ እርሾው፣ የተቀነሰውም ጭምር፣ ሞቷል። ከላም ልቀዳ ብል ለምክር ቤቱ መጻፍ አለብኝ። ሠላሳ ዓመት ጠብቄ፣ በመጨረሻ ገደልኩት ብዬ ልጻፍ?»

«እና ምን አደረጉ?»

«እርሾ ያለቀበት ሰው ከጎረቤት አይበደርም? ጎረቤቴ ማብላያው ነበር። አንድ ማሰሮ ቀዳሁ። እሱም ያብላላል፣ ያም ያብላላል፤ እርሾ እርሾ ነው አልኩ። ከላም እንዳይቀዳ የከለከልኩትም ለላሞቹ አዝኜ አይደለም፤ ሰው እንዳያስተያየው ፈርቼ ነው።»

ስንቅነሽ ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው ግን ሊመጣላት አልቻለም። የማብላያ ተሕዋስያን ጠንካራ አገዳ ለማፍረስ የተገሩ ናቸው፤ ቀማሽ አልዋሸም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጉድጓዱ ምን እንደሚጣፍጠው ተጠይቆ በሐቅ መልሷል። ላም ነህ ብለው የጠየቁት ሰዎቹ ናቸው።

«ሸትቶኝ ነበር፣ ጋሼ» አለች። «ያኔ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት። ክዳኑን ሲያነሡ ጎንዎ ቆሜ ነበር። በእርስዎ ፊት አፍንጫዬን መያዝ ነውር መሰለኝ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «ምነው ያኔ በተናገርሽ!»

«ምነው ያኔ በተናገሩ!»

ልትወጣ ስትነሣ እጇን ያዙ። «ብዙ የቀረኝ የለም፣ ልጄ። ከሞትኩ በኋላ ተናገሪ።» የዘር ቀን ግን የሳቸውን ሞት አይጠብቅም። ስንቅነሽ እጃቸውን ሳመችና ምንም ቃል ሳትሰጥ ወጣች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ዘር መጋዘኑ ሄደች። የጉርሻ ዘር ከረጢት በቦታው አለ፤ ስሙም በጋሽ ድልነሳው እጅ ተጽፎበታል። በቆሎ ግን እንደ ወርቅ ተቆልፎ የሚቆይ ነገር አይደለም፤ በየጥቂት ዓመቱ እየተዘራ ካልታደሰ ሕይወቱ ይወጣል። መቶ ፍሬ ቆጥራ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለች። አምስት ቀን ጠዋትና ማታ ጨርቁን እየገለጠች አየች። በአምስተኛው ቀን የበቀሉት ሦስት ናቸው። ዘጠና ሰባቱ በሻጋታ ተሸፍነው ነበር። የቀረውን ከረጢት ሁሉ ብትዘራው እርሻው መላጣ ሆኖ ይቀራል፤ ሳንባውም ይቆማል።

ዳለቻ በዚያው ቀን ሞተች። ዐሥራ አምስት ቀሩ።

ስንቅነሽ ይህን ሁሉ ይዛ ምክር ቤት ፊት ስትቆም የምታድነው ነገር እንደሌለ ታውቅ ነበር። «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር» ትል ነበር እናቷ፤ እሷም ለዚያ ነው የመጣችው። ወንፊቱን አሳየች፣ ነጥቦቹን አነበበች። «የሞተውን እርሾ በማብላያ እርሾ የተኩት ጋሽ ድልነሳው ናቸው» አለች። «ሸትቶኝ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ላሞቹን የጨረስናቸው ሁለታችን ነን።»

ጩኸት ጠብቃ ነበር። አንዱ ከኋላ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ፤ ይህን እንኳ በለሆሳስ ነው። የቀሩት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰው ናቸው፣ ይሳሳታሉ» አለ አንዱ ሽማግሌ። «እሷስ ብትሆን በታላቅ ሰው ፊት ምን ትበል?» አለች ሌላዋ። በአንድ አፍታ ሁለቱም ይቅር ተባሉ። ስንቅነሽ እንደዚያ ይቅርታ የከበዳት ነገር በሕይወቷ አልገጠማትም፤ እያንዳንዱ በእሷ ቦታ ቢሆን ዝም ይል እንደነበር ከፊቱ ታነባለች።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ የትምወርቅ ክፉ ሴት አልነበሩም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

«ሰንደቅ አየር ይሰጠናል?»

«ይሰጣል።»

«ጉርሻ ምን ያህል አለ?»

«ሦስት ቡቃያ።»

«እንግዲህ ምን እንወስን፣ ስንቅነሽ? አንቺ በእኔ ቦታ ሆነሽ ንገሪኝ።»

ሰንደቅ ተዘራ።

ከሳምንት በኋላ ሌላ ላም ወደቀች፤ ዐሥራ አራት ቀሩ፣ ሕጉም ሥራውን ሠራ። ከመታረዳቸው በፊት ዱካሞ ከሁሉም የበረታችውን ጊደር ይዞላት፣ ስንቅነሽ አንድ ማሰሮ እርሾ ቀዳች። ቀማሽን ባዶ አድርጋ ሦስት ጊዜ አጠበችውና አዲሱን አፈሰሰችበት። ሥጋው ለነዋሪው ተከፋፈለ። ሰው ዓመታት ሙሉ ሥጋ አልቀመሰም ነበርና በላ፤ ልጆች አጥንት ይዘው በየመንገዱ ሮጡ። ስንቅነሽ አልፈረደችባቸውም። የእሷን ድርሻ ግን አልወሰደችም።

ሕፃናቱ የአኩሪ አተር ውሃ ጀመሩ። ዱካሞ ማብላያው ላይ አካፋ ያዥ ሆነ። ጋሽ ድልነሳው ከክፍላቸው መውጣት ተዉ፤ ጎረቤት ሁሉ ምግብ እየያዘ ይጠይቃቸዋል፣ ስለ እርሾ ግን ማንም አያነሣባቸውም። ቀማሽ አሁን ለሰንደቅ ሠላሳ ሰባት ይሰጣል። ነጥቡን የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ስንቅነሽ በራሷ ደብተር ትጽፈዋለች።

ሦስቱ የጉርሻ ቡቃያዎች በመስኮቱ ሥር በቆርቆሮ ጣሳ አድገዋል። ከሦስት እናት ዝርያ እንደማይጸና ታውቃለች። ቢጸናስ ማን ይበላዋል? አንድ ቀን ጠዋት ታችኞቹን ቅጠሎች ቆርጣ ከተፈችና ለቀማሽ ጨመረችለት። በሁለተኛው ቀን ዱካሞ አካፋውን እንደያዘ ገባ፤ ግሳቱን ለመስማት በየጠዋቱ ጎራ ይላል።

«ስንት ሰጠ?»

«ሰማንያ ዘጠኝ።»

ዱካሞ ጭቃማ እጁን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። በከተማው ሁሉ ምግብ የሚጣፍጠው የላም ሆድ ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ላም የለውም።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለ። ሊያስቃት ነበር፤ ራሱ ግን ፊቱን አዞረ።

እሱ ሲሄድ ስንቅነሽ የተቀነሰውን እርሾ በማሰሮ ከድና የምትለጥፍበት ወረቀት ቆረጠች። ከእሷ በኋላ ማን እንደሚያነበው አታውቅም፤ የሚያነብ ስለመኖሩም እርግጠኛ አይደለችም። ቢሆንም በትልልቅ ፊደል ጻፈች፦

«ይህ እርሾ ከላም የተቀዳ ነው። ከሞተ፣ ሞተ በሉ።»