የሚሄድና የሚቀር ዕቃ

«እዚህ ወረቀት ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?» አሉኝ የፖሊሱ መቶ አለቃ ገሪማ።

ትክ ብዬ አየሁት። ወረቀቱ የተለጠፈው በወደቀው ቁም ሳጥን ላይ ነበር። ከቁም ሳጥኑ ሥር ጋሽ ኸድሩ ሞተው ተገኝተዋል። አንዲት ልጄን ጸሐይን አብዮት ጠባቂው ክንዷን ይዞ በሩ ላይ አቁሟታል።

«ማንበብ አልችልም፣ ጌታዬ።»

«ጌታዬ የሚባል ቀርቷል!» አለ አብዮት ጠባቂው።

«እሺ፣ ጓድ ጌታዬ፤» አልኩ ተደናግጬ።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ዲላ በገባ በሁለተኛው ወር ነው። እኔ ገና ከ«ለ» አላለፍኩም ነበር።

ጋሽ ኸድሩ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሃያ ዓመት ዲላ ኖረው ከባለቤታቸው ከእትዬ ራዚያ ጋር ወደ ቡታጅራ ሊመለሱ ተነሡ። የተከራዩት ቤት የቀበሌ ስለሆነ ቁልፉን ማስረከብ ነበረባቸው። ከዕቃው ገሚሱ ይጫናል፣ ገሚሱ እዚሁ ይሸጣል፤ በየዕቃው ላይም 'የሚሄድ' ወይም 'የሚቀር' የሚል ወረቀት ተለጠፈ። እኔና ጸሐይ ሳሎኑን እንድናሰናዳ ጠሩን። የሚሄደውን በበሩ በኩል፣ የሚሸጠውን ገዢ አይቶ እንዲጎመጅ ወልውለን በጓዳው ግድግዳ በኩል ደረደርን። ከከባዱ ዕቃ እግር ሥር እንደ ልማዳችን እርጥብ የእንሰት ቅጠል አነጠፍን። ቅጠል ላይ ከቆመ ባዶ ቁም ሳጥንን አንድ ሰው ብቻውን ይገፋዋል።

አሥር ሰዓት ላይ እኔ ወጣሁ። ጸሐይ ልትጠርግ ቀረች፤ ጨርሳ ተከተለችኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እትዬ ራዚያ ከጎረቤት ስንብት ተመልሰው ባላቸውን በዚያ ሁኔታ አገኟቸው።

«የልጅቷ ጥፋት ነው፤» አለ ባህሩዲን። የሟች ታናሽ ወንድም ነው፣ አብሯቸው ይኖራል። «ሳታስተካክል አቆመችውና ወደቀበት። እኔ ሱቅ ነበርኩ፣ ጩኸት ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

«ቁም ሳጥኑን እዚህ አላቆምነውም! በበሩ በኩል ነበር!» አልኩ።

«ወረቀቱ 'የሚቀር' ይላል። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ምን ታውቃለች?»

ደጋግሜ ተናገርኩ፤ የሰማኝ የለም። ልጄን ወስደው ቀበሌ አሳደሯት። እኔም ከቀበሌው አጥር ሥር ተቀምጬ አደርኩ። በማግስቱ ወደ አዋሳ እንደምትላክ ነገሩኝ።

ጠዋት መቶ አለቃው ወደ ቤቱ አስጠሩኝ። አጭር፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብለው የጓዳውን ደፍ ድንጋይ ያያሉ።

«ደሙ እዚህ ነው፤ ሬሳው ከነበረበት ሁለት እርምጃ ይርቃል። ወይዘሮ አትጠገብ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ማንበብ ካልቻልሽ የሚሄደውን ከሚቀረው በምን ለየሽ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀውን ተጠየቅኩ።

«ጋሽ ኸድሩ አዝነውልኝ ሕግ አወጡልኝ። ወረቀቱ አናቱ ላይ ከተለጠፈ ይሄዳል፤ እግሩ ላይ ከተለጠፈ ይቀራል።»

ተነሥተው የወንበሮቹን፣ የጠረጴዛውን፣ የአልጋውን ወረቀት አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ የቁም ሳጥኑን ወረቀት ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይህን ሕግ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ጸሐይና እትዬ ራዚያ። እሳቸው ሙጫውን ይዘውልን ነበር።»

ስድስት ሰዓት ላይ ሁላችንንም ሰበሰቡን። በሚሸጡት ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። ዕቃውን ሊጭን የመጣው ሾፌር ነጅሙዲንም ነበር። ትናንት ከሰዓት ከሟች ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል።

«የተጨቃጨቅነው ስለ ጭነቱ ነው!» አለ ነጅሙዲን። «ያለኝ ኤን ትሬ መኪና ነው እንጂ መርከብ አይደለም፣ ወላሂ!»

«ሟች ተገፍተው ደፉ ላይ ወደቁ፤» አሉ መቶ አለቃው። «የገፋቸው ሰው የሚያሳብብበት ከባድ ነገር ፈለገ። ሬሳውን ከደፉ ጎትቶ፣ ቁም ሳጥኑን ከበሩ በቅጠሉ ላይ ገፍቶ አመጣና ጣለባቸው። ግን 'የሚሄድ' የተባለ ዕቃ ከሚቀሩት መሀል ምን ይሠራል? ስለዚህ ወረቀቱን ለወጠ።»

በጥፍራቸው ወረቀቱን ላጥ አደረጉት። ከሥሩ ሌላ ወረቀት ብቅ አለ።

«'የሚሄድ' ይላል። አዲሱን ከአሮጌው በላይ፣ አናቱ ላይ ለጠፈ። የሌሎቹ 'የሚቀር' ግን ሁሉም እግር ላይ ነው። ሕጉን የሚያውቅ ሰው ይህን አይሳሳትም። ስለዚህ ጸሐይ አይደለችም፣ ወይዘሮ ራዚያም አይደሉም። የሠራው መጻፍ የሚችል፣ ሕጉን ግን የማያውቅ ሰው ነው። ነጅሙዲን፣ እስቲ ይህን አንብብ።»

ነጅሙዲን ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው። ግንባሩ በላብ ራሰ።

«መነጽሬን መኪና ውስጥ ረስቼ...»

«መነጽር መቼ ኖሮህ ያውቃል?» አልኩ ሳላስበው። «ትምህርት ላይ መምህሩ ሲጠይቅ ከኋላዬ የምትደበቀው ለምንድን ነው? ሰው በነፍስ ተጠርጥሮ በፊደል ያፍራል?»

«አትጠገብ፣ በአላህ፣ ለሾፌሮቹ እንዳትነግሪብኝ፤» አለ።

አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ባህሩዲን ቀና አላለም።

«እንዳይሄድ ለመንኩት፤» አለ። «ኪራዩ በእሱ ስም ነው፤ እሱ ቁልፉን ካስረከበ እኔ የት እገባለሁ? ቁልፉን ልነጥቀው አንድ ጊዜ ገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ወንድምህን!» አሉ እትዬ ራዚያ።

እኔም ጠየቅኩት። «በልጄ ላይ ለምን አላከክኸው?»

«ማን ይሰማሻል ብዬ ነው፤» አለኝ።

ጸሐይን የዚያኑ ዕለት ለቀቋት። እኔና እሷ ዲላ ቀረን። ባህሩዲን እጁ ታስሮ ወደ አዋሳ ሄደ። እትዬ ራዚያ ሰደቃው እንዳለፈ ቁልፉን ለቀበሌ አስረክበው፣ ቁም ሳጥኑን ሳይወስዱ፣ በነጅሙዲን ኤን ትሬ ወደ ቡታጅራ ሄዱ። ጋሽ ኸድሩ ዲላ ተቀብረው ቀሩ።