ሰማንያ ሚሊሜትር

የከተማው ሰው የሚጠጣው ውሃ የተራራው ጫፍ በረዶ ቀልጦ የሚወርድ ነው። የዚያን ቀን ግን ውሃው እዚያው ጫፉ ላይ በሚጠራቀምበት ገንዳ ውስጥ ሬሳ ተገኘ። ሟቹ ጫፉ ላይ ዘጠኝ ዓመት ዝናብና ሙቀት ሲለካ የኖረ የአየር ጠባይ ተመልካች ነበር። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። አዳልጦት ነው እንዳይባል የገንዳው የብረት ክዳን ተከድኖ ነበር። የሞተ ሰው ተነስቶ ክዳን አይገጥምም መቼም!

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ስምንት ሰዓት ላይ እያለከለከች ደረሰች። መጀመሪያ ያነጋገረችው ሬሳውን ያገኙትን የውሃ ጠባቂ ነበር።

«አምስት ሰዓት ላይ ክዳኑን ሳነሳ አየሁት» አሉ ሽማግሌው። «ያኔውኑ ውሃውን ዘጋሁ።»

«መዝገቡ ላይ የሦስት ሰዓት ልኬት ተጽፏል። ከዚያ እስከ አምስት ሰዓት የት ነበሩ አባባ?»

«ክፍሌ ውስጥ፣ ብቻዬን።»

«ምስክር አለዎት?»

«ብቻዬን አልኩሽ እኮ ልጄ!»

ጫፉ ላይ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ግን ሳትጠየቅ ነው የጀመረችው። ምላሷ አያርፍም።

«እሳቸው ናቸው! ሌላ ማን አለ? የጎብኚዎች መጸዳጃ ወደ ምንጩ እየሰረገ ነው፣ የከተማው ልጆች የሚታመሙት በዚያ ነው ብሎ ደብዳቤ እየጻፈ ነበር። ጠባቂው የት ነበር ይባላል ብለው ፈርተዋል። ትናንት እንኳን ሲጨቃጨቁ ነበር።»

«አንቺስ አልፈራሽም? ጫፉ ቢዘጋ ማረፊያሽም መዘጋቱ ነው።»

«ፈርቻለሁ፣ ምን እዋሻለሁ! ግን ከንጋት ጀምሮ ወጥ ቤት ነበርኩ። ሁለቱን አብሳዮች ጠይቂ።»

አብሳዮቹም አረጋገጡ።

ሦስተኛው ሰው ጎብኚዎችን ወደ በረዶው የሚያወጣው መንገድ መሪ ነበር፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ ሁለት ሰው ይዤ ወጣሁ» አላት። «ወንድሜ የሦስት ሰዓት ልኬቱን ጽፏል፤ መዝገቡ ያውልሽ። ስሄድ በሕይወት ነበረ። ምነው ባልሄድኩ!»

መዝገቡ ላይ በእርግጥም የዕለቱ ቀን፣ «3:00»፣ ቀጥሎም «80 ሚሊሜትር» የሚል ሰፍሯል። ጣት ሁሉ ወደ ሽማግሌው ተቀሰረ። ማረፊያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከእሳቸው ራቅ ብሎ ቆመ፤ ውሃ የሚሰጣቸው እንኳን ጠፋ።

መርፌ ግን በሩ ላይ ለጎብኚዎች የተለጠፈውን የዕለቱን የበረዶ ማስታወቂያ አንብባ ወደ ውጭ ወጣችና የዝናብ መለኪያው ጣሳ ውስጥ አጎነበሰች። በረዶው ከንጋት በፊት አቁሟል፤ ብርዱ ግን የወረደውን አላቀለጠውም። ማስመሪያ ሰደደችበት። ልክ ሰማንያ።

«አባባ፣ ተመልካቹ ዕረፍት ሲወጣ ማን ነበር የሚለካለት?»

«እኔ ነኝ። እሱው አስተምሮኛል።»

«እስቲ ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው ጣሳውን ሞቅ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቆሙት። በረዶው ቀለጠ። ወደ መስታወቱ መለኪያ ገልብጠው ዓይናቸውን አስጠጉ።

«ስምንት ሚሊሜትር» አሉ። «ከዚያ ይደፋል። ሳይደፋ አያድርም።»

አሥር ሰዓት ላይ መርፌ ሁሉንም ማረፊያው አዳራሽ ሰበሰበች። የሟቹ ሚስትም ከከተማ ደርሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«ዘጠኝ ዓመት የለካ ሰው በረዶውን ያቀልጣል፣ ውሃውን ይለካል፣ ይደፋል» አለች መርፌ። «ዛሬ የቀለጠም የተደፋም የለም። ስለዚህ ሰማንያን የጻፈው እሱ አይደለም። ሦስት ሰዓት ሳይደርስ ሞቷል።»

«ታዲያ ሽማግሌው…» አለች የማረፊያው ባለቤት።

«እሳቸው ቢጽፉ ስምንት ይሉ ነበር። ደግሞስ ‹በሦስት ሰዓት በሕይወት ነበረ› መባሉ እሳቸውን ያስጠረጥራል እንጂ ምን ይጠቅማቸዋል? የሚጠቅመው በሁለት ሰዓት ተኩል ለሄደ ሰው ነው። በረዶን በማስመሪያ የሚለካው ማን ነው? በየጠዋቱ በሩ ላይ ለጎብኚዎች ‹የዛሬ በረዶ ስምንት ሴንቲሜትር› ብሎ የሚለጥፈው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ መንገድ መሪው ዞረ።

«ወንድምህን ገንዳ ውስጥ ከድነህ ጎብኚዎችህን ስታስቅ አረፈድክ። ዛሬ ቀልደኛ ነበር ብለውኛል።»

«ጫፉን ሊያዘጋው ነበር!» ብሎ ጮኸ ሰውየው። «የማውቀው ሥራ ይሄው ብቻ ነው። ለመንኩት፤ አልሰማኝም። ደብዳቤውን ሳላነበው አቃጠልኩት።»

«ያቃጠልከው ረቂቁን ነው» አለች ሚስትየው። ከቦርሳዋ የታተመ ወረቀት አወጣች። «ከሦስት ቀን በፊት አስተይቢ ብሎ ሰጥቶኝ ነበር። አንብበው።»

አላነበበም። መርፌ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችለት፦ «ጫፉ ለጎብኚዎች ክፍት ይሁን። የሚነሳው መጸዳጃው ብቻ ነው። ምንጩንም እንዲጠብቅ ከሁሉም በላይ ቦታውን የሚያውቀው ወንድሜ ይቀጠር።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ሳይፈቀድ ተስፋ አልሰጠውም አለ።» ሚስትየው ተነስታ ፊት ለፊቱ ቆመች። አላለቀሰችም። «ሬሳው ሳይገኝ፣ ረፋድ ላይ እናታችሁ ጋ ነበርኩ። ‹የልጄ ውሃ ነው፣ ጠጪ› ብላ ከቧንቧው ቀድታ ሰጠችኝ። እሷም ጠጣች።»

መርፌ ስልኳን አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ደውልላት» አለችው። «ከሌላ ሰው ከምትሰማው አንተ ንገራት።»