ሯጯ መጣች

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ሆሳዕና ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼን «አየሁ ብቻ አትበሉኝ፣ አስረዱኝ» እያልኩ ሳደርቃቸው የምውል። ካቶሊክ ነኝ፣ እሑድ ከቅዳሴ አልቀርም፣ ግን ተአምር ሲባል ጥርጣሬ ነው የሚቀድመኝ። ይህን ግን እመነኝ፣ ከነልጄ ነው የሰማሁት።

ነገሩ እንዲገባህ መጀመሪያ ስለ እናቴ ልንገርህ። በእኛ በከምባታ ባህል ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፣ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃልም ከአፏ አይወጣም። አያቴ ወልዴ ነበር የሚባለው፣ በከምባትኛም ውሃ የሚጀምረው በ«ወ» ነው፣ ስለዚህ እናቴ ዕድሜ ልኳን ውሃን በስሙ ጠርታ አታውቅም። ሌሎቹ ሴቶች የተለመደ መተኪያ ቃል አላቸው፣ እሷ ግን የራሷን ፈጠረች፣ በአማርኛ ስመልሰው «ሯጯ» እንደ ማለት ነው። ሯጯን አቀብሉኝ፣ ሯጯ አለቀች። ጭራሽ ቄሳችንን «እኔ በሯጯ ነው የተጠመቅኩት» ብላቸው፣ እስክትሞት ድረስ ሲስቁባት ኖሩ።

ያረፈችው ልጄ ማርታ ሳትወለድ ነው። ማርታ ከምባትኛ ትሰማለች፣ ይህን ቃል ግን ማንም አልነገራትም።

ባለፈው የፍልሰታ በዓል ማርታን በሞተር ሳይክል አፈናጥጬ፣ አንጋጫ አጠገብ ካለው መንደራችን አስቀድሰን ስንመለስ፣ ከሰዓት በኋላ ድልድዩ ገና ካላለቀ ወንዝ ደረስን። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሰው ሁሉ በዚያው ነው የሚሻገረው፣ እኔም ገባሁ። መሃል ልደርስ ስል ከኋላዬ፣ ወንዙ ዳር ካለው ቤት የእንሰት ጓሮ በኩል መሰለኝ፣ የአሮጊት ድምፅ ሰማሁ፣ በከምባትኛ፣ ቀስ ብሎ፦ «ሯጯ መጣች።»

ሞተሩን አጠፋሁ። ጆሮዬ ነው አልኩ። ወፍ እንኳ አይሰማም፣ ያ ሁሉ ዝምታ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከዚያ ማርታ ጃኬቴን ጎተት አድርጋ «አባዬ፣ ማናት የምትሮጠው?» አለችኝ።

ሞተሩን እየገፋሁ ወደ ኋላ ወጣሁ። ትንፋሼን ሳልሰበስብ ከላይ የሚያጉረመርም ድምፅ መጣ፣ ተከትሎ ጎርፉ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ የነበርንበትን ጠርጎት አለፈ። ተራራው ላይ ዘንቦ ኖሯል። ማርታን አቅፌ አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

እንሰቱን ዞሬ ፈለግኩ። ከቤቱ የወጣችው ወጣት ሴት «ጋሼ፣ እዚህ አሮጊት የለም፣ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ» አለችኝ።

ለቄሳችን ነገርኳቸው፣ ቃሉን ሌላም ሴት ልትጠቀምበት ትችላለች ብዬም ተከራከርኩ። ሳቁብኝ። «እግዚአብሔር ሊጠብቅህ ሲፈልግ በማታውቀው ቋንቋ ይጥራህ እንዴ?» አሉኝ። ቀለለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ልጄ አጠገቤ አለች፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ማታ ማርታን ድምፁ ከየት እንደመጣ ስጠይቃት፣ ከእንሰቱ አላለችም። «ከኋላዬ ተቀምጣ ነበር እኮ አባዬ፣ እንዳልወድቅ ይዛኝ ነበር» አለችና ተኛች። ይኸው እስከ ዛሬ ሲጠማኝ «ውሃ» ልል እጀምርና አፌ ላይ ይቀራል።