ያልተኛንበት አልጋ ሙቀት

ወላሂ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ከት ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሌሊት ታክሲ ስነዳ ከኋላዬ ተቀምጦ ጂን አየሁ ያላለኝ፣ የሞተ ወንድሜ ካዚኖ ውስጥ በስሜ ጠራኝ ያላለኝ ሰው የለም፣ እኔ ግን በመስታወት አየት አደርገውና "አብሽር ወንድሜ፣ ጠጥተህ ነው" ብዬ ቤቱ አደርሰዋለሁ። ደሴ እያለሁም ቢሆን ማታ ደጅ መውጣት የሚፈሩትን የአክስቶቼን ልጆች አጅቤ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ይህን የምነግራችሁ ፈሪ ነው ብላችሁ እንዳትስቁብኝ ነው፣ ብትስቁም ግድ የለም፣ ሚስቴ ዘሃራ ምስክሬ ናት።

መጀመሪያ የኛን ኑሮ ላስረዳችሁ። ዘሃራ ስትሪፑ ላይ፣ ካዚኖዎቹ የተደረደሩበት ጎዳና ላይ፣ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር፣ የቀን ሺፍት፣ እኔ ደግሞ የሌሊት። ልጃችንን ሙናን ለሰው አንሰጥም ብለን ነው እንዲህ ያደረግነው፣ ዊንቸስተር ሰፈር ባለችው ቤታችን በር ላይ አንዳችን ስንገባ አንዳችን እንወጣለን፣ ቁልፍና ልጅ እንቀባበላለን፣ "ወጡ ፍሪጅ ውስጥ ነው" ተባብለን እንለያያለን። እሷ ማታ በሁለት ሰዓት ተኝታ ንጋት ላይ ትወጣለች፣ እኔ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ገብቼ እስከ ስምንት እተኛለሁ። ስገባ በሷ በኩል አልጋው ገና ሙቅ ነው፣ እጄን እዚያ ሙቀት ላይ አድርጌ በራሴ ጎን እተኛለሁ። የዕረፍት ቀናችንም አይገጥምም፣ ከገጠመም ኦቨርታይም አለ፣ እንግዲህ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬ የተኛሁት ከሚስቴ ጋር ሳይሆን ከሙቀቷ ጋር ነው።

ከዚያ ጡረታ ወጣን፣ ሙናም አግብታ ሲያትል ገባች፣ አልሃምዱሊላህ አሁን እንኳ እንደ ሰው አብረን እንተኛለን ስንል ጉድ ፈላ። እሷ ስትተነፍስ እኔ እነቃለሁ፣ እኔ ስገላበጥ እሷ ብድግ ትላለች፣ "ማነው?" ብላ እስከ መጮህ ደረሰች። በሁለተኛው ሳምንት ትራሴን ይዤ ሶፋ ላይ ወረድኩ።

ሞተርሆም እንግዛ ያለችው እሷ ናት። ክፍል ስታጸዳ ከመስኮቱ ቁልቁል እነዚያን አልጋና ወጥ ቤት ያላቸውን ረጃጅም መኪኖች፣ አጠገባቸው ወንበር ዘርግተው የሚቀመጡ ሽማግሌ ፈረንጅ ባልና ሚስቶችን ስታይ ኖራለች። አንድ አሮጌ ገዛንና ልንነሳ ስንል እንዲህ አለችኝ፣ "ስማኝ ሰዒድ፣ እዚች ጠባብ ነገር ውስጥ ሦስት ወር ከርመን አብሮ መተኛት ካልለመድን፣ ስንመለስ እኔ ሙና ጋ እሄዳለሁ፣ እዚያው እኖራለሁ። እኔ ሶፋ ላይ የሚያድር ባል አላገባሁም።" እኔ ሞኙ የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

አገር ለአገር ዞርን፣ ቴክሳስን ለመጨረስ ብቻ ሦስት ቀን ፈጀብን፣ አትላንታ ከዘመድ ጋር ከረምን፣ ዋሽንግተን ደረስን። ቀኑ ደስ ይላል፣ ማታ ግን ያው ነው፣ እሷ ከኋላ ያለው አልጋ ላይ፣ እኔ ከፊት ያለችው አጭር ሶፋ ላይ። ጠዋት ጠዋት አልጋውን በሆቴል ደንብ ታነጥፈዋለች፣ አንሶላውን ወጥራ፣ ማዕዘኑን አጥፋ ከፍራሹ ስር ትወትፈዋለች፣ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ቼክ የሚያደርጋት ነው የሚመስለው። ዋሽንግተን ላይ አንድ ቀን ውጭ ቆማ በዚያች ተጣጣፊ ስልኳ ከሙና ጋር ስታወራ ሰማኋት፣ ቬጋስ በገባን በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ የአውሮፕላን ቲኬት አስቆርጣለች። ምን አልኳት? ምንም። አትሂጂ ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል፣ እኔ ግን ጎማ ቼክ ላድርግ ብዬ ወጣሁ።

ነገሩ የጀመረው በመልሱ ጉዞ፣ ካንሳስ ላይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እየነዳሁ ዘሃራ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፣ ዙህር ልንሰግድ መንገድ ዳር ካለ ማረፊያ ፓርክ አደረግኩ፣ እሷ መስገጃውን ልታመጣ ወደ ኋላ ሄደችና ጮኸች።

"ሰዒድ! አልጋውን ምን አደረግከው?"

"እኔ? እጄ መሪ ላይ አልነበረም እንዴ?"

"ነዳጅ ስንቀዳ ገብተህ ተኝተህበታል።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ነዳጅ እየቀዳሁ ስንት ደቂቃ ነው የምተኛው?"

ሄጄ አየሁ። በኔ በኩል አንሶላው ተነቅሏል፣ ትራሱ ለሁለት ታጥፏል፣ እኔ ትራስ የማጥፈው እንደዚያ ነው፣ እናቴ ስትሰድበኝ የኖረችበት አመል ነው። ፍራሹ ሰው የተኛበት ያህል ጎድጎድ ብሏል፣ እጄን ሳሳርፍበት ሙቅ ነው። ከሞተሩ ነው እንዳልል ሞተሩ ከፊት ነው፣ ከአልጋው ስር ያለው የውሃ ታንከር ነው፣ እሱም በረዶ ነው። ዘሃራ እያጉረመረመች እንደገና ወጥራ አነጠፈችው፣ ጉዟችንን ቀጠልን።

ማታ አምስት ሰዓት አለፍ ሲል ልናድርበት የነበረው ቦታ ደርሰን ስናቆም ደግሞ በሷ በኩል ሆነ። በኔ በኩል ያለው እንደተወጠረ ነው፣ በሷ በኩል ተገልጧል፣ ይሞቃል፣ ትራሱ ላይ የምትቀባው የጸጉር ቅባት አሁን የተቀባ ያህል ይሸታል። ከዙህር ወዲህ ወደ ኋላ ዝር ያላለች ሴት ናት እኮ! ዘሃራ ትራሱን አሽትታ መልሳ አስቀመጠችውና "እኔ እዚህ ነኝ፣ የኔ ጠረን እዚህ ምን ይሠራል?" አለችኝ፣ አዑዙ ቢላህ አልኩ። ያን ሌሊት አልጋው ላይ የተኛ የለም፣ እሷ ሶፋው ላይ፣ እኔ የሾፌር ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለን አደርን።

ኮሎራዶ ላይ ድምፅ መጣ። እየነዳሁ፣ ጸሐይ ፍንትው ብላ፣ ከኋላችን ሲጥ ይላል፣ የአልጋው ጣውላ ነው፣ ሰው ከጎን ወደ ጎን ሲገለበጥ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁት የለ፣ እሱ ነው። ቆይቶ ደግሞ ጉሮሮ የመጥረግ ነገር ተሰማ፣ እህህ የሚል።

"ሰማህ?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"አትዋሽ፣ ጆሮህ ቀልቷል።"

አያተል ኩርሲ ቀራች፣ እኔም አብሬያት ቀራሁ፣ ጂን ቢሆን ይሸሽ ነበር፣ ከኋላ ያለው ግን ምንም ሳይመስለው አንዴ ሲጥ ብሎ ተመቻችቶ ተኛ። ዘሃራ የእጅ ሰዓቷን አየች፣ ጉዞውን ስንጀምር ጀምሮ አልቀየርም ብላ በቬጋስ ሰዓት እንደተወችው ነው። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። "ሰዒድ፣" አለች ቀስ ብላ፣ "አሁን ቬጋስ ስንት ሰዓት እንደሆነ ታውቃለህ? ስምንት ሊሆን አምስት ጉዳይ ነው። አንተ በስምንት አይደል የምትነሳው?"

መኪናውን ዳር አስያዝኩ፣ ተያይዘን ወደ ኋላ ሄድን። እመኑኝ፣ የምላችሁን በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት፣ በኔ በኩል የጎደጎደው ፍራሽ ባዶውን ነበር፣ ማንም የለበትም፣ ልክ ስምንት ሲሆን ግን መጀመሪያ ከራስጌው፣ ከዚያ ከወገብ በኩል ቀስ እያለ ተነሳና ተስተካከለ፣ ሰው ከአልጋ ሲነሳ እንደሚሆነው። ብርድ ልብሱ በአንድ ወገን ተገለበጠ። ከዚያ በኋላ ጸጥታ ሆነ፣ አጠገባችን የሚያልፉት የጭነት መኪኖች ብቻ ይሰማሉ። ሺፍታችን ነው፣ ያ የድሮው ሺፍታችን ከኋላችን ተጭኖ አብሮን ይጓዛል።

ትፈራለች ብዬ ስጠብቅ ዘሃራ አልፈራችም። ሬዲዮውን ቀነስ አድርጋ "ይተኙ፣ ደክሟቸው ነው" አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት እያነጠፈች ለእነሱ ትተውላቸው ጀመር፣ እኛ ከፊት፣ እሷ ሶፋው ላይ እኔ ወንበሩ ላይ፣ እንተኛለን፣ እኔም ጉድጓድ ስደርስ ቀስ ብዬ እነዳለሁ፣ ሳቁብኝ እንግዲህ። ዩታን ስናቋርጥ መስኮቱን እያየች፣ "እኔን የሚያሳዝነኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?" አለችኝ፣ "እዚህም አልተገናኙም። እሱ ሲነሳ እሷ የለችም፣ እሷ ስትተኛ እሱ የለም። ምን አለ አንድ ቀን እንኳ..." አልጨረሰችውም። እኔም አንድ ነገር ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፣ የገዛ ዝምታዬ አናደደኝ፣ ቅዳሜ እኮ ሁለት ቀን ነው የቀረው።

ሐሙስ ቤታችን ገባን። ኅዳር ነው፣ የቬጋስ ብርድ ቤት ውስጥ ሲጠራቀም አጥንት ይገባል፣ ማሞቂያው ሦስት ወር ሙሉ ጠፍቶ የከረመ ቤት ነው፣ ወለሉ በካልሲ አይረገጥም። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል፣ በድሮው ደንብ እሷ ስትገባ እኔ ስወጣ በር ላይ የምንቀባበልበት ሰዓት ነው፣ ማናችንም አልጋ ላይ ሆነን የማናውቅበት። ሻንጣ ይዤ የመኝታ ቤቱን በር ከፈት ሳደርግ ዘሃራ ከኋላዬ ነበረች።

ስንወጣ ወጥራ ያነጠፈችው አልጋ ተገልጧል። ሁለቱ ትራሶች መሐል ላይ ተጠጋግተዋል፣ አንዱ ታጥፏል፣ አንዱ አልታጠፈም። ፍራሹ ላይ ያለው ጉድጓድ ግን አንድ ብቻ ነው፣ መሐል ላይ፣ ሰፊ። ከዚያ ከሚያቃጥል ብርድ መሐል ሙቀቱ እስከ በሩ ድረስ ፊታችንን ነካን፣ አንድ ትንፋሽ ወጣ ገባ ሲል ይሰማል፣ የሁለት ሰው ይሁን የአንድ መለየት አልቻልኩም። ዘሃራ ክንዴን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችኝ።

"ቀስ በል፣" አለችኝ በሹክሹክታ፣ "እንዳንቀሰቅሳቸው።"

በሩን ገርበብ አድርገን፣ በገዛ ቤታችን እንደ ሌባ በእግር ጣታችን ወጣን፣ ሞተርሆሙ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። እዚያ አለቀሰች። "ቀናሁባቸው፣" አለች፣ "ወላሂ ቀናሁባቸው ሰዒድ፣ እኛን ያቃተን ለእነሱ እንዴት ሆነላቸው?" እኔ እንባ አልወድም፣ ሌላ ቀን ቢሆን ጎማ ቼክ ላድርግ ብዬ እወርድ ነበር፣ ያን ቀን ግን እጇን ይዤ "አትሂጂ" አልኳት። "አትሂጂ ዘሃራ፣ ባልተኛም አጠገብሽ ነቅቼ አድራለሁ።"

ብዙ አየችኝ። "ይህቺን ካንሳስ ላይ ብትላት ምን ነበረበት?" አለችና አፍንጫዋን ጠረገች፣ ከዚያ ስልኳን አወጣችና ሙና ጋ ደወለች፣ "ልጄ፣ የቅዳሜው ይቅር፣ አባትሽ ዛሬ አፉን ፈታ።"

መሸት ሲል ስንገባ አልጋው ተወጥሮ ተነጥፏል፣ ማዕዘኑ ታጥፎ ተወትፏል፣ ዘሃራ እጇን አላሳረፈችበትም፣ እኔ ደግሞ ብገደል እንደዚያ ማንጠፍ አልችልም። ቢስሚላህ ብለን ተኛን። እንዴት እንደወሰደን አላውቅም፣ ሲነጋ ክንዴ ከአንገቷ ስር ደንዝዟል፣ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሞተርሆሙን ሸጥነው፣ የገዛው ሰውዬ እስከ ዛሬ አንድም ቅሬታ የለውም፣ እኛ ጋ ግን አንዳንድ ቀን ከሰዓት ከገበያ ስንመለስ አልጋው በሁለቱም በኩል ሙቅ ሆኖ እናገኘዋለን። ለምደነዋል፣ መኝታ ቤት ስንገባ አሰላሙ አለይኩም እንላለን፣ ዘሃራ እንደውም "ዛሬ ደግሞ አረፈዱ" ብላ ትቀልድባቸዋለች።

ይህን ሁሉ ዛሬ የማወራላችሁ ግን ያስጨነቀኝ ነገር ስላለ ነው። ከረመዳን ወዲህ አልጋው የሚሞቀው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ሌላው ጎን እንደተወጠረ ነው፣ እጄን ሳሳርፍበት ይቀዘቅዛል፣ አንዴ ነው ብዬ ተውኩት፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አሁን መቁጠር አቁሜያለሁ። የማን ጎን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ከሁለታችን ማን ቀድሞ እንደሚሄድ መናገር ይመስለኛል፣ ከአፌ አይወጣም።

ትናንት እኔ ከመስጊድ ስመለስ ዘሃራ ከመኝታ ቤት ስትወጣ በር ላይ ተገጣጠምን፣ ቆም ብላ አየችኝ።

"ገብተህ ነበር ቅድም?" አለችኝ።

"ገብቼ ነበር።"

"እንዴት ነው?"

"በሁለቱም በኩል ሙቅ ነው" አልኳት፣ ዋሸኋት።

"አዎ፣" አለችኝ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ "እኔም እንደዚያው ነው ያገኘሁት።"