ከመስኮት የመጣ ላባ

ልጅቷ ላባውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ብርሃኑን ከጀርባው አሳለፈችበት። ሰማያዊ ነው። ገለበጠችው። አሁንም ሰማያዊ ነው።

«ሌላ መስኮት እንሞክር?» አለች ጓደኛዋ። ወሬ ስለማታቆም ክፍሉ ሁሉ «ሬዲዮ» ነው የሚላት፤ አሁን ግን ድምጿ ዝቅ ብሏል።

የባዮሎጂ መምህራቸው ጠዋት ያሉትን ሁለቱም አልረሱትም። ወፎች ቢጫና ቀይ ላባቸውን አብዛኛውን ጊዜ ከሚበሉት ያገኙታል፤ ጥቁሩንና ቡናማውን ሰውነታቸው ይሠራዋል። ሰማያዊው ግን ቀለም የለውም፤ በላባው ውስጥ ያሉ ደቃቅ ክፍተቶች ብርሃኑን እየመለሱ ነው ሰማያዊ የሚያስመስሉት። ብርሃን ከጀርባ ሲያልፍበት ይደበዝዝና ቡናማ ይሆናል። ይሄኛው ፍንክች አላለም።

የተነከረ የዶሮ ላባ ነው ማለት ነው።

ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አያቷ ለቲያትር ቤት ልብስ ይሰፉ ነበር። ጓዳቸው ውስጥ በተወጠረ ገመድ ላይ የተነከሩ ላባዎች በልብስ መቆንጠጫ ተይዘው ይደርቃሉ፤ ቤቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ጥፍራቸው አንድ ሰሞን ቀይ፣ አንድ ሰሞን አረንጓዴ ነው። እሷም ከሥር የወደቀውን እየለቀመች አድጋለች። ይህን ላባ ግን አንድም ቀን አልጠረጠረችውም። ኩፍኝ ይዟት ከአልጋ እንዳትወርድ በተከለከለችበት ጊዜ፣ መስኮቱን ከፍተው ከደፉ ላይ ያነሱ መስለው ነበር የሰጧት። «ሰማያዊ ወፍ ናት የጣለችልሽ፣ የኔ እናት። ስትድኚ ልታይሽ ትመለሳለች።» ከዳነች በኋላ ስንት ጠዋት መስኮቱን ተደግፋ ጠበቀች። አያቷም ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ አብረዋት ይጠብቁ ነበር።

ዛሬ እሳቸው የሉም። ነገ ደግሞ የክፍሉ ተማሪዎች የላባ ኤግዚቢሽን ነው፤ ሬዲዮ የሰማያዊ ወፍ ላባ እንዳላቸው ያልነገረችው ሰው የለም፤ የሰሌዳው መሀል ለሱ ተትቷል።

«ባክሽ አታካብጂ» አለች ሬዲዮ። «ከኋላው ጥቁር ወረቀት እንለጥፍበታለን፣ አለቀ። ማን ሊያውቅ ነው?»

«መምህሩስ?»

«ካወቁም አያቴ ናቸው ያሉኝ በያ። ያንቺ ውሸት አይደል።»

ይህቺ ቃል ልጅቷን ወጋቻት። ላባውን በጣቷ ደባበሰችው። አያቷ የመድረክ ላባ አንድ ጊዜ መንከር ይበቃዋል ይሉ ነበር፤ ተመልካቹ ሩቅ ነው የሚቀመጠው፣ ሥሩ ነጭ ቢቀር ማን ያየዋል። ይሄ ግን እስከ ሥሩ ሰማያዊ ነው፤ አንድም ነጭ ቦታ የለውም። ከአልጋ ሆና በቅርብ ለምታየው ሰው፣ ደጋግመው ነክረውታል።

ልጅቷ፣ ሬዲዮ አስቀድማ «ሰማያዊ ወፍ» ብላ የጻፈችበትን ካርድ ገለበጠችና በንጹሑ በኩል ጻፈች፦ «የዶሮ ላባ። የነከሩት አያቴ ናቸው።»

ሬዲዮ ከትከሻዋ በላይ አነበበች።

«ታዲያ አሁንም መሀል ላይ ነው የምናደርገው?»

«መሀል ላይ» አለች ልጅቷ፤ ሙጫውን እንድታቀብላትም እጇን ዘረጋች።