ከ«አንቺ» ወደ «እርስዎ»

ቶሮንቶ ከመጣች ወዲህ ምሥራቅ ከእንግሊዝኛው ቀድማ የለመደችው ፖርቱጋልኛ ነው። የምትሠራበት ላውንደሪ ደንዳስ ዌስት ጎዳና ላይ፣ ፖርቱጋሎች በሰፈሩበት መንደር ውስጥ ነበር፤ የሆቴል አንሶላና ፎጣ ይታጠብበታል። ዳቦ ጋጋሪው ፖርቱጋላዊ፣ ጫማ ጠጋኙ ፖርቱጋላዊ፣ የመተኮሻው ክፍል አለቃ ዶና ሉርደስም ፖርቱጋላዊት ናቸው። «ዶና» ማለት እንደ እኛ «እትዬ» መሆኑ ማንም ሳይነግራት ገባት።

ዘመኑ በፈረንጅ 1995 ነው። ከምትኖርበት ከፍሌሚንግደን ፓርክ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ አውቶቡስ፣ ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ በጎዳና ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ስትሪትካር ትይዛለች። ማሽኑ ፊት ስትቆም ቀኑ ሳይጀመር ያለቀ ይመስላታል። አንሶላው ከመተኮሻው እየጋለ ይወጣል። ሁለቱን ጫፍ እሷ፣ ሁለቱን ዶና ሉርደስ ይይዛሉ፤ ይጠጋጋሉ፣ ያጥፋሉ፣ ይራራቃሉ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይመጣል። ሲመሽ ክንዷ የራሷ አይመስላትም።

ሰላሙ የሚባለውን ልጅ ያገኘችው በድምፁ ነው። አንድ ጠዋት «ኧረ በእመብርሃን!» የሚል ጩኸት ከቆሻሻ አንሶላ ክምር ሥር ሰማች። ጋሪው ተገልብጦ ሰው ቀብሯል። ሮጣ ሄዳ ገላለጠችለት።

«ሐበሻ ነህ እንዴ?»

«መጀመሪያ አውጪኝ፤ ከዚያ የዘር ሐረጌን እቆጥርልሻለሁ።»

የጭነት መኪናው አዲስ ሾፌር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲያበቃ እስከ ባቡር ጣቢያው ያደርሳት ጀመር። መንገዱ አጭር ነው፤ ሰላሙ ግን አስረዝሞ መንዳት ያውቅበታል። ብዙም አያወሩም። ቀይ መብራት ሲይዛቸው እሱ ወደ እሷ ይዞራል፤ እሷ መስኮቱን ታያለች። አረንጓዴው በርቶ እሱ ወደ መንገዱ ሲመለስ ደግሞ እሷ ትዞራለች።

አንድ ዓርብ ዕድሜውን ጠየቀችው።

«ሃያ ሰባት።»

«እንግዲያው ታላቅህ ነኝ። ሃያ ዘጠኝ።»

«ታዲያ ልነሣልሽ?» ብሎ ከወንበሩ ብድግ ሲል ራሱ ከመኪናው ጣሪያ ጋር ተጋጨ። ምሥራቅ ባቡር ውስጥ ብቻዋን ስትስቅ ሰው አያት።

ሰኞ ጠዋት ሰላሙ ጋሪውን እየገፋ መጣና «እንደምን አደሩ?» አላት።

ወደ ኋላዋ ዞር አለች። ማንም የለም። «ማንን ነው?»

«እርስዎን።»

ቀልድ መሰላት። በማግስቱም ግን «እርስዎ» ነበረች። ሥራ ሲያበቃ «ዛሬ ማዶ የማደርሰው ዕቃ አለ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላም ሁልጊዜ ማዶ የሚደርስ ዕቃ አልጠፋም።

ሁለት ዓመት ብበልጠው አረጀሁበት፣ አለች በልቧ።

አብራት የምትኖረው ያለምወርቅ ይህን ስትሰማ ከአልጋዋ ላይ ቀና አለች። «ሂጂና ጠይቂው! አሮጊት መስለሽው ከሆነ አዋጥተን መነጽር እንግዛለት።»

«ተይኝ፣ ደክሞኛል።»

እውነቷን ነበር። ለመናደድም ጉልበት ያስፈልጋል።

የብርዱ ወራት እንዲሁ ያልፉ ጀመር። ሰላሙ በአክብሮት ጎንበስ ይላል፤ እሷ ራሷን ነቅንቃ ትመልሳለች። ነገር ግን የጭነት መኪናው ወደ በሩ እያፈገፈገ ሲጮኽ እጇ ሥራውን ይረሳል። «ልጄ፣ አንሶላው እኔ ጋ ነው» ይሏታል ዶና ሉርደስ ጫፉን እየሳቡ።

በየካቲት አንድ ዓርብ ቀን፣ በምሳ ሰዓት ዶና ሉርደስ ከማዕዘኑ ዳቦ ቤት አንድ ሳጥን የእንቁላል ኬክ ይዘው ገቡ። ሰላሙን ከበሩ ላይ በክንዱ ጎትተው ከሴቶቹ መሐል አቆሙት።

«ብሉ! ይህ ልጅ ሊያገባ ነው።»

ሰላሙ አንገቱን ደፋ። «እናቴ እሑድ ሽማግሌ ትልካለች» አለ በአማርኛ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ። «አዲስ አበባ ነው። የጎረቤት ልጅ ናት።»

ምሥራቅ ኬኩን ሳትነክሰው አስቀመጠችው። «እንኳን ደስ ያለህ» አለችው።

ዶና ሉርደስ ወደ እሷ ዞሩ። «የአንቺስ ባል መቼ ነው የሚመጣው? ወረቀቱ አላለቀም?»

«የምን ባል?»

«ባልሽ ነዋ! ራስሽ ነግረሽኝ! ለልጅ ልጄ ክርስትና ስጠራሽ ‹ካዛዳ፣ ካዛዳ› አላልሽኝም? ባለትዳር ነኝ ብለሽ? እንዲያውም እንዲህ አድርገሽ...» ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው ጉንጫቸው ሥር አደረጉ። «አብረን ነው የምንተኛው ስትዪኝ እኔው አፈርኩ።»

ምሥራቅ አፏን በእጇ ያዘች። «ደክሞኛል ማለቴ ነበር! እንቅልፌ መጥቷል ማለቴ ነበር!»

«እሱማ ካንሳዳ ነው!» ብለው ጮኹ ዶና ሉርደስ። «ካንሳዳ የደከማት፣ ካዛዳ ያገባች!» ከዚያ ጥቂት አሰቡና «ለነገሩ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም» አሉ።

ሴቶቹ ጠረጴዛውን እየመቱ ሳቁ። ሰላሙ ግን አልሳቀም። ፊቱ እንደ አንሶላው ነጥቶ ወደ ዕቃ መጫኛው በር ወጣ። ምሥራቅ ተከተለችው።

ነገሩን እዚያ ቆሞ ነገራት። ያን ዓርብ ማታ ባቡር ጣቢያ አድርሷት ሲመለስ፣ ይህችን ልጅ ብጠይቃትስ ብሎ ዶና ሉርደስን አማክሮ ነበር። ባለትዳር ናት አሉት። ባሏን ካርቱም፣ ሚስቱን ናይሮቢ ትቶ ወረቀት የሚጠብቅ ሰው ከተማው ሙሉ ነው፤ ያ ቁስል አይነካም። የሰው ሚስት «አንቺ» እያሉ በመኪና ማዞር ግን ነውር ነው።

«እኔን ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ባሌ የት እንደ ደረሰ አላውቅም ብትዪኝስ? ምን ልልሽ ነው?»

«ብትዪኝ»ን ሰማች፤ «ልልሽ»ንም ሰማች። ባዶ ጋሪ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ደግሞ አርጅቼብህ መስሎኝ ነበር።»

«ምን?»

«ሃያ ዘጠኝ።»

ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ከበሩ ማዶ ስትሪትካሩ በረዶውን እየረገጠ አለፈ። ሁለቱም እስኪርቅ ድረስ ተመለከቱት።

«ሽማግሌዎቹ አንዴ ደጁን ከረገጡ ቃል ነው» አለ ሰላሙ። «እናቴን አላዋርድም፤ የሰውም ልጅ አላዋርድም። መደወል ካለብኝ ዛሬ ነው።» ዓይኗን አየ። «ልደውል?»

«አንተ ታውቃለህ» የሚለው መልስ ከምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ለስደተኛ ጽሕፈት ቤቱ ሹም፣ ለቤት አከራዩ፣ ለአለቆቿ ሁሉ ለዓመታት የሰጠችው መልስ ነው፤ አያደክምም። ቢያደርገው እሱ ያደርገዋል፤ ባያደርገውም ጥፋቱ የእሷ አይሆንም።

«ደውል» አለች።

ማዕዘኑ ላይ ካለው የስልክ ሳጥን ውስጥ ሁለቱም ተጣበው ቆሙ። አዲስ አበባ ምሽት ነው። የእናቱ ድምፅ ከመነጋገሪያው አልፎ መስታወቱን የሚሰነጥቅ መሰለ።

«አቶ ክፍሌ ጋቢያቸውን አሳጥበው፣ ከዘራቸውን አስጠግነው! አሁን ምን ብዬ ልመልሳቸው? ሽማግሌ ታክሲ ነው፣ ና ሂድ የሚባለው?»

«እማዬ፣ ገና ደጃቸውን አልረገጡም እኮ።»

«እግዜር አተረፈህ! ማን ናት? አጠገብህ ናት? ስጠኝ እስቲ!»

ምሥራቅ መነጋገሪያውን ተቀበለች። «ጤና ይስጥልኝ፣ እማማ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የመምህር ሀብተማርያም።»

«አሉ?»

«አባቴስ አርፏል። እናቴ ደሴ አለች።»

ምሥራቅ መነጋገሪያውን ከጆሮዋ ጋር አጣበቀች።

«ደሴ» አሉ እናቱ። «እንግዲህ አቶ ክፍሌ ጋቢያቸውን አሳጥበው ቤት አይቀመጡም።»

«ሩቅ ነው፣ እማማ። መንገዱ ያደክማቸዋል።»

«ሽማግሌ ለዚህ ካልደከመ ለምን ይሸመግላል? በይ የእናትሽን ሰፈር ንገሪኝ።»

ምሥራቅ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ሰላሙ «ምን አለች? ምን አለች?» እያለ ክንዷን ይነቀንቃል።

«ዝም በል» አለችው መነጋገሪያውን በሁለት እጇ ይዛ። «አድራሻ እየሰጠሁ ነው።»